በወረቀት ምርት ውስጥ የፋይበር አውቶማቲክ ልኬት፦ ምንነቱ፣ አሠራሩና አገልግሎት ፈላጊዎች ማወቅ የሚገባቸው ነጥቦች

የወረቀት ጥንካሬ፣ ልስላሴና ቀለም የመቀበል አቅም በዋናነት የሚወሰነው ወረቀቱ በተሠራባቸው ጥቃቅን የተክል ክሮች ነው። እነዚህ ክሮች በኢንዱስትሪው ፋይበር ይባላሉ። የፋይበር አውቶማቲክ ልኬት ማለት የክሮቹን ርዝመት፣ ስፋት፣ ክብደት፣ ጥምዝነትና ስብራት በካሜራና በኮምፒዩተር በታገዘ መሣሪያ መመዝገብ ሲሆን፣ መሣሪያው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ክሮችን አንድ በአንድ ይመለከታል።

ጉዳዩ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በጅግጅጋ፣ በቶጎ ውጫሌ፣ በቀብሪ በያህ፣ በደገሀቡር ወይም በጉናጋዶ ያገለገለ ካርቶን ሰብስቦ ለመሸጥ የሚደራጅ ማኅበር የሚያገኘው ዋጋ ከዚህ ልኬት ጋር የተያያዘ ነው። ከአካባቢው ተክል ወረቀት ወይም ማሸጊያ ለማምረት አቅዶ ቁጠባውን የሚያወጣ ባለሀብትም ገንዘቡ እንዳይባክን የመጀመሪያው መጠበቂያ ይኸው ልኬት ነው። ይህ ጽሑፍ ልኬቱ ምን እንደሆነ፣ የላቦራቶሪ ውጤት እንዴት እንደሚነበብና ናሙና እንዴት መወሰድ እንዳለበት ያብራራል።

1. ፋይበር ምንድን ነው?

በጉናጋዶና በአጠቃላይ በሶማሌ ክልል አርብቶ አደር አካባቢዎች፣ ለአቃል መሸፈኛ የሚሆን ምንጣፍና ለማሰሪያ የሚሆን ገመድ ከገሎል ዛፍ ልጥ ይዘጋጃል። ሥራውን የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ሲሆኑ፣ ረጅሙንና ጠንካራውን ልጥ ከአጭሩና ከሚሰበረው የሚለዩት በእጃቸውና በዓይናቸው ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ የእንሰት ቃጫ የሚፍቁ ቤተሰቦችም የቃጫውን ደረጃ የሚያውቁት በተመሳሳይ መንገድ ነው።

የወረቀት ፋይበር ግን በዚህ መንገድ አይለይም። በእጅ የሚያዘው የልጥ ወይም የቃጫ ክር ብዙ ጥቃቅን የተክል ህዋሳት በተፈጥሮ ማጣበቂያ ተያይዘው የፈጠሩት እስር ነው። ማጣበቂያው ሊግኒን የሚባለውንና ሌሎች ተያያዥ ንጥረ ነገሮችን የያዘ ነው። ተክሉ በኬሚካል ሲቀቀል ማጣበቂያው ይሟሟና ህዋሳቱ እርስ በርስ ይለያያሉ። ከውኃ ጋር ተቀላቅሎ ሊጥ መሰል ሆኖ የሚቀረው ፐልፕ ይባላል። ወረቀት የሚሠራው ከዚህ ፐልፕ ሲሆን፣ ጥንካሬውን የሚወስነውም የእስሩ ርዝመት ሳይሆን የነጠላው ህዋስ ርዝመት ነው።

ይህ ልዩነት በተግባር ብዙ ትርጉም አለው። የሲሳል ቅጠል አንድ ሜትር ገደማ የሚደርስ ክር ይሰጣል። ተቀቅሎ ፐልፕ ሲሆን ግን የነጠላው ፋይበር ርዝመት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይህም ለወረቀት ረጅም ከሚባሉት ፋይበሮች የሚመደብ ነው። ሌሎች ጥሬ ዕቃዎች በአማካይ የሚከተለው የፋይበር ርዝመት አላቸው፦

- መርፌ ቅጠል ዛፎች (እንደ ፓይንና የፈረንጅ ጽድ ያሉ)፦ ከ2.5 እስከ 4 ሚሊ ሜትር
- ቀርከሃ፦ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ
- የሸንኮራ አገዳ ገለባና የስንዴ ጭድ፦ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር
- ባሕር ዛፍ፦ ከ0.7 እስከ 1 ሚሊ ሜትር

የፋይበር ስፋት ደግሞ በአብዛኛው ከ10 እስከ 40 ማይክሮ ሜትር ነው፤ አንድ ማይክሮ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ይህን ያህል ቀጭን አካል በዓይን መገመት ስለማይቻል መሣሪያ አስፈላጊ ይሆናል።

2. የሚለኩት ባሕርያት

*ርዝመት።* ረጅም ፋይበር ከጎረቤቶቹ ጋር በብዙ ቦታ ስለሚገናኝ ወረቀቱ ሲሳብና ሲቀደድ ይቋቋማል። የሲሚንቶ ከረጢትና የከባድ ዕቃ ካርቶን ውጫዊ ገጽ ረጅም ፋይበር ይፈልጋል። አጭር ፋይበር በበኩሉ ለስላሳና ወጥ ገጽ ስለሚፈጥር ለጽሕፈትና ለኅትመት ወረቀት ተስማሚ ነው።

*የርዝመት ክብደት።* የአንድ ሜትር ፋይበር ክብደት በሚሊ ግራም ይገለጻል። ለምሳሌ 1 ሚሊ ግራም ደረቅ ፐልፕ ውስጥ ያሉት ክሮች ርዝመት ሲደመር 10 ሜትር ቢሆን፣ የርዝመት ክብደቱ በሜትር 0.1 ሚሊ ግራም ነው። ቁጥሩ ዝቅተኛ ሲሆን ፋይበሩ ቀጭን መሆኑን፣ በእኩል ክብደት ውስጥ ብዙ ክሮች መኖራቸውንና ወረቀቱ ይበልጥ ለስላሳ እንደሚሆን ያመለክታል።

*ጥምዝነት።* የታጠፈ ፋይበር ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ቀጥታ ርቀት ከእውነተኛ ርዝመቱ ያንሳል። እውነተኛ ርዝመቱ 1.2 ሚሊ ሜትር፣ ቀጥታ ርቀቱ 1.0 ሚሊ ሜትር ከሆነ የጥምዝነት መጠኑ 0.2 ነው። ጥምዝነት ሲበዛ ወረቀቱ ሲሳብ ያለው ጥንካሬ ይቀንሳል።

*ስብራት።* በድንገት የተቀጨ ማዕዘን ያለው ፋይበር ደካማ ቦታ አለው። ስብራት ብዙውን ጊዜ ፐልፑ በፋብሪካ ውስጥ ከልክ በላይ መንገላታቱን ያሳያል።

*ብናኝ።* ከ0.2 ሚሊ ሜትር ያነሱ ቅንጣቶች ብናኝ ይባላሉ። መጠነኛ ብናኝ ፋይበሮችን ለማያያዝ ይጠቅማል። ሲበዛ ግን ውኃ ከፐልፑ በቶሎ እንዳይወርድ ስለሚያደርግ ማሽኑን ያዘገያል፤ የማድረቂያ ኃይልም ያስጨምራል።

*ያልተፈቱ እስሮችና ሰፋፊ ህዋሳት።* በደንብ ያልተቀቀለ ተክል ስንጣሪ መሰል እስሮችን ይተዋል። ሰፋፊ ቅጠል ባላቸው ዛፎች ውስጥ የሚገኙ ውኃ ተሸካሚ ሰፋፊ ህዋሳት ደግሞ በኅትመት ወቅት ከወረቀቱ ገጽ ተነቅለው ነጫጭ ነጠብጣብ ይፈጥራሉ።

3. መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

ልኬቱ አምስት ደረጃዎች አሉት።

በመጀመሪያ፣ ክብደቱ በትክክል የታወቀ ጥቂት ፐልፕ በብዙ ውኃ ይበተናል። ክሮቹ እርስ በርስ ሳይደራረቡ እንዲታዩ ድብልቁ እጅግ ቀጭን መሆን አለበት።

ቀጥሎ ድብልቁ በጣም ጠባብ በሆነ የመስታወት ቱቦ ወይም በሁለት መስታወቶች መካከል ባለ ስስ ክፍተት ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። ጥበቱ ክሮቹ ከፍሰቱ ጋር እንዲዘረጉና ከካሜራው ትኩረት እንዳይወጡ ያደርጋል።

በሦስተኛ ደረጃ ብርሃን ይለቀቃል። በብዙ መሣሪያዎች የሚሠራበት ፖላራይዝድ ብርሃን ነው። ከናሙናው በፊትና በኋላ የሚቀመጡት ሁለት ማጣሪያዎች እርስ በርስ በ90 ዲግሪ ተሻግረው ስለሚተከሉ በመካከላቸው ምንም ከሌለ ብርሃን አያልፍም። የፋይበር ዋና አካል የሆነው ሴሉሎስ ግን የብርሃኑን አቅጣጫ ስለሚለውጥ በጨለማው መስክ ላይ አብርቶ ይታያል። የአየር አረፋ ይህ ባሕርይ ስለሌለው በፋይበርነት አይቆጠርም።

በአራተኛ ደረጃ ካሜራው እያንዳንዱን ክር ፎቶ ያነሣል፤ ኮምፒዩተሩም መሐል መስመሩን ተከትሎ ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ መታጠፉንና መቀጨቱን ያሰላል። በመጨረሻም ውጤቱ በሠንጠረዥና በሥርጭት ግራፍ ይወጣል።

ለዚህ ልኬት ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጥቶለታል። አይ.ኤስ.ኦ. 16065 የተባለው ደረጃ የመጀመሪያ ክፍሉ ፖላራይዝድ ብርሃን የሚጠቀሙ፣ ሁለተኛ ክፍሉ ደግሞ ተራ ብርሃን የሚጠቀሙ መሣሪያዎችን ይመለከታል። በሁለቱ የተገኙ ውጤቶች ሙሉ በሙሉ አንድ ላይሆኑ ስለሚችሉ የላቦራቶሪ ሪፖርት የትኛውን ክፍል እንደተከተለ መግለጽ ይኖርበታል።

4. ከእጅ ልኬት ወደ አውቶማቲክ ልኬት

አውቶማቲክ መሣሪያ ከመምጣቱ በፊት ባለሙያው ፋይበሮችን በመስታወት ላይ ዘርግቶ፣ ምስላቸውን በማጉያ ግድግዳ ወይም ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ አንድ በአንድ ይለካ ነበር። ጥቂት መቶ ክሮችን ለመለካት ሰዓታት ይወስዳል፤ ሁለት ባለሙያዎች የሚያገኙት ውጤትም ሊለያይ ይችላል። ሌላው መንገድ ፐልፑን ቀዳዳቸው እያነሰ በሚሄድ ተከታታይ ወንፊቶች ማለያየት ነበር። ይህ ዘዴ ዛሬም ጠቃሚ ቢሆንም የእያንዳንዱን ክር ቅርጽ አያሳይም።

በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ጀምሮ በፊንላንድ የተሠሩት የካያኒ መለኪያዎች በላቦራቶሪዎች ተስፋፉ። ከዚያ በኋላ በካናዳ፣ በስዊድንና በፈረንሳይ ካሜራ የሚጠቀሙ ሌሎች መሣሪያዎች ተሠሩ። ዛሬ መሣሪያው ከላቦራቶሪ ጠረጴዛ አልፎ በፋብሪካው ቧንቧ ላይ ይተከላል።

5. በፋብሪካ ውስጥ ያለው ጥቅም

በዘመናዊ ፋብሪካ ናሙና የሚወሰደው ከቧንቧው በሚከፈት ቫልቭ በራሱ ጊዜ ነው። መሣሪያው ናሙናውን አጥቦና አቅጥኖ ይለካል፤ ውጤቱንም ወደ መቆጣጠሪያ ክፍል ይልካል። ውጤቱ በዋናነት የሚያገለግለው ሪፋይነር የሚባለውን ማሽን ለመቆጣጠር ነው።

ሪፋይነር ፐልፑን በሚሽከረከሩ ጥርሳም ሳህኖች መካከል በማሸት የፋይበሩን ገጽ ያጎፍራል። የጎፈረው ፋይበር ከሌላው ጋር በደንብ ስለሚያያዝ ወረቀቱ ሲሳብ ይበልጥ ይቋቋማል። እሽታው ከልኩ ሲያልፍ ግን ክሮቹ ይቆረጣሉ፤ ብናኝ ይበዛል፤ የውኃ መውረድ ይዘገያል፤ የመቀደድ መቋቋምም ይቀንሳል። ሪፋይነር ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ከሚፈጁ የወረቀት ፋብሪካ ማሽኖች አንዱ በመሆኑ፣ እሽታውን በትክክለኛው ነጥብ ላይ ማቆም የምርቱን ጥራት ይጠብቃል፤ የኃይል ወጪንም ይቀንሳል።

ከፋይበር መለኪያው ጎን ለጎን ውኃ ከፐልፑ የሚወርድበት ፍጥነት ይለካል። ለዚህ የሚያገለግሉት ሁለቱ የታወቁ መለኪያዎች የሾፐር ሪግለር ቁጥርና የካናዳ ፍሪነስ ናቸው። የሾፐር ሪግለር ቁጥር ከፍ ሲል ውኃው ቀስ ብሎ መውረዱን ያሳያል፤ በካናዳ ፍሪነስ ደግሞ ከፍተኛ ቁጥር ፈጥኖ መውረዱን ያሳያል። ሁለቱን ቁጥሮች አቀያይሮ ማንበብ ፍጹም ተቃራኒ ወደ ሆነ ውሳኔ ያደርሳል።

6. የላቦራቶሪ ሪፖርት ሲነበብ

በሪፖርት ላይ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ "አማካይ ርዝመት" ይገኛል። የሁለቱ ዋና ዋና አማካዮች ልዩነት በምሳሌ ሲታይ የሚከተለውን ይመስላል።

አንድ ናሙና 100 ፋይበሮች አሉት እንበል። ከእነዚህ 80ዎቹ እያንዳንዳቸው 0.3 ሚሊ ሜትር፣ 20ዎቹ ደግሞ 2.0 ሚሊ ሜትር ናቸው። ርዝመታቸው ተደምሮ ለ100 ሲካፈል ተራ አማካዩ 0.64 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለረጅሞቹ ክሮች እንደ ርዝመታቸው ድርሻ የሚሰጠው በርዝመት የተመዘነ አማካይ ግን 1.36 ሚሊ ሜትር ነው። ናሙናው አንድ ሆኖ ሳለ ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው በእጥፍ ይበልጣል።

ተራው አማካይ በአጫጭር ስብርባሪዎች ብዛት በቀላሉ ይወርዳል። ስለዚህ የወረቀትን ጥንካሬ ለመገመት በአብዛኛው የሚሠራበት በርዝመት የተመዘነው ነው። ሁለት አቅራቢዎች ሲነጻጸሩ አንደኛው በተራ አማካይ፣ ሌላኛው በተመዘነ አማካይ ካቀረበ ንጽጽሩ ፍትሐዊ አይሆንም። ገዢም ሆነ ሻጭ ውል ከመፈራረሙ በፊት የአማካዩ ዓይነት በጽሑፍ እንዲገለጽ መጠየቅ አለበት።

የተሟላ ሪፖርት ቢያንስ የሚከተሉትን ይይዛል፦

- የናሙናውን መለያ፣ የተወሰደበትን ቦታና ቀን
- የተከተለውን የደረጃ ቁጥርና ክፍል
- የተለኩትን ፋይበሮች ብዛት
- የአማካይ ርዝመቱን ዓይነትና መጠን
- የብናኝ መቶኛ
- ልኬቱን ያከናወነውን ላቦራቶሪ ስምና የኃላፊውን ፊርማ

7. የኢትዮጵያ ሁኔታ

በአገሪቱ የረጅም ጊዜ ልምድ ያለው የወረቀት ፋብሪካ የሚገኘው በወንጂ ሲሆን፣ ምርቱ በአብዛኛው የተመሠረተው ከውጭ በሚገባ ፐልፕ ላይ ነው። በሌላ በኩል ያገለገለ ወረቀትና ካርቶን መልሰው የሚጠቀሙ የማሸጊያ ፋብሪካዎች በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ይገኛሉ። ለእነዚህ ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃው የሚደርሰው በቆራሌዎች፣ በሰብሳቢ ማኅበራትና በነጋዴዎች ሰንሰለት ነው።

ከበርበራ ወደብ ተነሥቶ በሐርጌሳና በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ጅግጅጋ የሚገባው ሸቀጥ በካርቶን ታሽጎ ይመጣል። ሸቀጡ ሲሸጥ የሚቀረው ካርቶን የፋይበር ሀብት ነው። ሁሉም ካርቶን ግን እኩል አይደለም። የከባድ ዕቃ ካርቶን ውጫዊ ገጽ ብዙ ጊዜ ከረጅም ፋይበር የሚሠራ ሲሆን፣ የቀላል ሸቀጥ ካርቶን ደግሞ በተደጋጋሚ ከታደሰ አጭር ፋይበር ሊሆን ይችላል። ወረቀት በታደሰ ቁጥር ፋይበሩ እየደረቀና እየተሰበረ ስለሚሄድ የመያያዝ አቅሙ ይቀንሳል። በአጠቃላይ አንድ ፋይበር ከ5 እስከ 7 ጊዜ ያህል ከታደሰ በኋላ ለወረቀት የማይሆን ብናኝ ይሆናል ተብሎ ይገመታል። አውቶማቲክ መለኪያው ይህን የድካም ደረጃ በቁጥር ያሳያል።

ተመሳሳይ አሠራር በጥጥ ዘርፍ ለረጅም ጊዜ የታወቀ ነው። ኤች.ቪ.አይ. በመባል የሚታወቀው መሣሪያ የጥጥን ርዝመት፣ ወጥነት፣ ጥንካሬ፣ ቅጥነት፣ ቀለምና ቆሻሻ ይለካል። ጥጥ አምራቹ ምርቱን በግምት ከመሸጥ ይልቅ በተለካ ደረጃ ሲሸጥ የተሻለ መደራደሪያ ያገኛል፤ ለካርቶን ሻጩም መርሁ ያው ነው።

8. ለካርቶን ሰብሳቢዎች፦ እርጥበትና ትክክለኛ ተቀናሽ

በካርቶን ግብይት በብዛት አለመግባባት የሚፈጥረው እርጥበት ነው። ፋብሪካው የሚፈልገው ፋይበሩን ስለሆነ ለውኃ መክፈል አይፈልግም፤ ሻጩም ከሚገባው በላይ እንዲቀነስበት አይፈልግም። መፍትሔው ስሌቱን ማወቅ ነው።

በመደበኛ ሁኔታ የተከማቸ ወረቀት እርጥበት ይይዛል። በአውሮፓ ያገለገለ ወረቀትን ለመመደብ የሚያገለግለው ኢ.ኤን. 643 የተባለው ደረጃ 10 በመቶ እርጥበትን እንደ መነሻ ይወስዳል፤ ከዚያ በላይ የሆነው ከክብደቱ ሊቀነስ ይችላል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦

- 1,000 ኪሎ ግራም ካርቶን 10 በመቶ እርጥበት ካለው፣ ደረቁ ፋይበር 900 ኪሎ ግራም ነው።
- 1,000 ኪሎ ግራም ካርቶን 18 በመቶ እርጥበት ካለው፣ ደረቁ ፋይበር 820 ኪሎ ግራም ነው።
- 820 ለ0.90 ሲካፈል 911 ኪሎ ግራም ይሆናል። ስለዚህ የሚከፈልበት ክብደት 911፣ ተቀናሹ 89 ኪሎ ግራም ነው።

ገዢው ለዚሁ ጭነት 150 ወይም 200 ኪሎ ግራም ልቀንስ ቢል ስሌቱን እንዲያሳይ መጠየቅ ተገቢ ነው። ካርቶኑን ውኃ አርከፍክፎ ክብደት መጨመርም ለሻጩ አይጠቅምም፤ በማድረቂያ ምድጃ በ105 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚደረገው ምርመራ ውኃውን በቀላሉ ያጋልጣል። ከዚህም በላይ እርጥብ እስር ይሻግታል፤ ሻጋታ ደግሞ ፋይበሩን ስለሚያዳክም የቀጣዩን ጭነት ዋጋ ያወርዳል።

ሰብሳቢዎች ያለ ምንም መሣሪያ የሚወስዷቸው እርምጃዎችም ዋጋ ይጨምራሉ፦ የከባድ ዕቃ ካርቶንን ከቀላሉ መለየት፣ ፕላስቲክና ሰም የተቀባ ካርቶንን ማውጣት፣ ምግብና ዘይት የነካውን አለመቀላቀል፣ እስሮቹን ከመሬት ከፍ አድርጎ ከዝናብ መከለል።

9. አዲስ ጥሬ ዕቃ ለሚያስቡ ባለሀብቶች

በአካባቢው የሚበቅል ተክል ለወረቀት ይሆናል ወይ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሱት ሲሳል፣ ቃጫ ሰጪ ተክሎችና ወራሪው ፕሮሶፒስ ናቸው። ፕሮሶፒስ ሰፋፊ ቅጠል ካላቸው ዛፎች ወገን እንደመሆኑ ከእርሱ የሚጠበቀው አጭር ፋይበር ነው። በመሆኑም ብቻውን ለጠንካራ ከረጢት ይሆናል ብሎ ማቀድ አደጋ አለው። ገሎልን በተመለከተ ዛፉ ለግጦሽ መሬት፣ ለጥላና ለቤት መሥሪያ የሚያገለግል በመሆኑ እንደ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ መታሰብ የለበትም።

ማሽን ከመታዘዙ በፊት የሚከተለውን ቅደም ተከተል መከተል ይመከራል፦

1. የተክሉን ጥቂት ኪሎ ግራም ናሙና በላቦራቶሪ አስቀቅሎ ከመቶ ኪሎ ግራም ደረቅ ተክል ስንት ኪሎ ግራም ፐልፕ እንደሚገኝ ማወቅ።
2. የፐልፑን የፋይበር ርዝመት፣ የርዝመት ክብደትና ብናኝ ማስለካት።
3. ከፐልፑ የሙከራ ወረቀት ማሠራትና የመሳብ፣ የመቀደድና የመፈንዳት መቋቋሙን ማስመርመር።
4. ጥሬ ዕቃው ዓመቱን ሙሉ መገኘቱን፣ የውኃ አቅርቦትን፣ የፍሳሽ አወጋገድንና የትራንስፖርት ወጪን ማስላት።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት እርምጃዎች ወጪ ከአንድ የፋብሪካ ማሽን ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው። በእነዚህ ደረጃዎች "አይሆንም" የሚል መልስ ማግኘትም የባለሀብቱን ገንዘብ የሚያድን ውጤት ነው።

10. የናሙና አወሳሰድ

የላቦራቶሪ መሣሪያ የሚለካው የቀረበለትን ብቻ ነው። ናሙናው ጭነቱን ካልወከለ ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም ውሳኔው ይሳሳታል። ስለዚህ፦

- ናሙናው ከአንድ እስር ብቻ ሳይሆን በዘፈቀደ ከተመረጡ በርካታ እስሮች፣ ከውጭም ከውስጥም ይወሰድ።
- የእርጥበት ናሙና እንደተወሰደ ወዲያው አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ይታሸግና ይመዘን። በጅግጅጋ ደረቅ ነፋስ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት የተተወ ናሙና የጭነቱን እርጥበት አያሳይም።
- የተክል ናሙና በተቃራኒው በጥላ ሥር ደርቆ አየር በሚያስገባ ከረጢት ይላክ፤ እርጥቡ ከታሸገ ይሻግታል።
- በእያንዳንዱ ናሙና ላይ ቦታ፣ ቀን፣ የጭነቱ መጠንና የወሰደው ሰው ስም ይጻፍ።
- ናሙናው ገዢና ሻጭ ባሉበት ተወስዶ ሁለት ቦታ ይከፈል። አንዱ ለምርመራ ይላክ፤ ሌላው በሁለቱም ፊርማ ታሽጎ አለመግባባት ቢፈጠር እንዲያገለግል ይቀመጥ።

11. የትኛው ተቋም ምን ይሠራል?

የቀድሞው የኢትዮጵያ የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን ሥራ በ2003 ዓ.ም. ለአራት ተቋማት ተከፋፍሏል። አገልግሎት ፈላጊዎች የእያንዳንዱን ድርሻ ቢያውቁ ከመመላለስ ይድናሉ።

- የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት፦ አገራዊ ደረጃዎችን ያዘጋጃል። የደረጃ ሰነድ የሚፈልግ ወደዚህ ይሄዳል።
- የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት፦ የላቦራቶሪ ፍተሻ፣ ኢንስፔክሽንና የምስክር ወረቀት አገልግሎት ይሰጣል።
- የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት፦ የመለኪያ መሣሪያዎችን ካሊብሬሽን ይሠራል።
- የኢትዮጵያ አክሬዲቴሽን አገልግሎት፦ ላቦራቶሪዎች ብቁ መሆናቸውን መዝኖ ዕውቅና ይሰጣል።

ዕውቅና ለአንድ ላቦራቶሪ በጅምላ የሚሰጥ ሳይሆን በተወሰኑ የፍተሻ ዓይነቶች የተገደበ ነው። ላቦራቶሪው በአይ.ኤስ.ኦ./አይ.ኢ.ሲ. 17025 ዕውቅና ቢኖረውም የተፈለገው ልኬት በዕውቅናው ዝርዝር ውስጥ መኖሩ ናሙና ከመላኩ በፊት ይጠየቅ። ለግብይት የሚውል ሚዛን ትክክለኛነት ያጠራጠረው ሻጭ ጥያቄውን ለአካባቢው የንግድ ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይችላል።

12. ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

*መለኪያው የወረቀቱን ጥንካሬ በቀጥታ ይነግራል?*
አይነግርም። የፋይበሩን ቅርጽ ይለካል፤ ከዚያ በመነሣት ጥንካሬን መገመት ይቻላል። ለውል የሚያገለግል የጥንካሬ ቁጥር የሚገኘው ወረቀቱ ራሱ ሲፈተሽ ነው።

*የፕላስቲክ፣ የሰምና የዘይት ብክለትን ያሳያል?*
ይህ የተለየ ምርመራ ይጠይቃል። ጥሩ የፋይበር ርዝመት ያለው ካርቶን በብክለት ምክንያት ተመላሽ ሊደረግ ይችላል።

*ሁለት ላቦራቶሪዎች የተለያየ ቁጥር ቢሰጡ የትኛው ይታመናል?*
በመጀመሪያ ሁለቱም የተከተሉት ደረጃ፣ የመሣሪያው ዓይነትና የአማካዩ ዓይነት አንድ መሆኑ ይረጋገጥ። እነዚህ አንድ ሆነው ልዩነቱ ከቀጠለ በሁለቱም ወገን ፊርማ ታሽጎ የተቀመጠው ናሙና በሦስተኛ ላቦራቶሪ ይመርመር።

*አነስተኛ ማኅበር መሣሪያውን መግዛት አለበት?*
አያስፈልገውም። ማኅበሩ የሚያስፈልገው የተረጋገጠ ሚዛን፣ በጥንቃቄ የተለየ ካርቶን፣ ትክክለኛ ናሙናና የእርጥበት ስሌት ነው። የፋይበር ልኬቱን በአገልግሎት ክፍያ ማስደረግ ወይም ፋብሪካው የለካውን ውጤት በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል።

*ገዢው ውጤቱን ለሻጩ የማሳየት ግዴታ አለበት?*
አስተማማኙ መንገድ ጉዳዩን በውል ማስፈር ነው። በውሉ ላይ የመነሻ እርጥበት መቶኛ፣ የተቀናሽ ስሌት፣ የልኬት ደረጃ፣ ናሙናውን የሚወስደው አካልና አለመግባባት የሚፈታበት መንገድ ይገለጽ። እነዚህ አምስት ነጥቦች በጽሑፍ ከሰፈሩ ከጉናጋዶ ተጭኖ የሚሄድ ካርቶን ፋብሪካ በር ላይ ሲደርስ ዋጋው በገዢው ፈቃድ ብቻ አይወሰንም፤ ሻጩም ሪፖርቱን ይዞ መጠየቅ ይችላል።